የጉርሱም ድንጋይ፦ ቅርጽና ይዘት

በሐረርና በጅጅጋ መካከል ባለው በጉርሱም ምድር በ1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1981) ከሰማይ የወረደው ድንጋይ፣ በዓለም የሜትዮራይት መዝገብ «ጉርሱም» ተብሎ ሰፍሯል። ክብደቱ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ሲሆን፣ የሚመደበውም ብረት ከሚበዛባቸው የ«ኤች» ድንጋዮች ወገን ነው። የሰማይ ድንጋይን በስሱ እየቆረጡ መሰብሰብና ውስጡን ማድነቅ በብዙ አገር የተለመደ በመሆኑ፣ ይህን ድንጋይ በሥነ ጥበብ ዐይን መመዘን ተገቢ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ድንጋይ በአየር ውስጥ ሲነድ ቆዳው ስለሚጠቁር፣ ውጫዊ ቅርጹ ከምድጃ ጉልቻ እምብዛም አይለይም። ይዘቱ የሚገለጠው ተቆርጦ ሲወለወል ነው። በግራጫው መደብ ላይ የብረትና የኒኬል ፍንጣሪዎች ያበራሉ፤ በመካከላቸውም አብዛኞቹ ከአንድ ሚሊሜትር የማይበልጡ ድቡልቡል ቅንጣቶች ተበትነዋል። እነዚህ ከ4500 ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ ምድር ገና ሙሉ አካል ሳታገኝ፣ በጠፈር ቀልጠው የረጉ ጠብታዎች ናቸው። ኋላ ያገኛቸው ሙቀት ጠርዛቸውን በከፊል አደብዝዞታል።

የሰብሳቢዎች ዐይን ግን ይበልጡን በሌላ ላይ ያርፋል፤ በአሲድ ሲታጠብ እንደ ጥበብ ጥለት የተጠላለፈ መስመር በሚያወጣው ብረት፣ ወይም በብርሌ እንደ ተቀዳ ጠጅ ብርሃን በሚያሳልፈው ፓላሳይት ላይ። የእነዚህ ውበት አይካድም። ይሁንና በማብለጭለጩ ብቻ የሚመርጥ ሐያሲ ቅርጽን አይቶ ይዘትን ዘንግቷል።

ለዚህ በሶማሊያ የተገኘው የኤል አሊ ብረት ምስክር ነው። 15 ቶን የሚመዝነውን ይህን ብረት የአካባቢው ሕዝብ ለትውልዶች ቢላዋ ሲስልበት፣ በዘፈንና በግጥም ሲያነሣው ኖሯል። የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስታወቀው፣ በተፈጥሮ ታይተው የማያውቁ ማዕድናት በ70 ግራም ቁራጩ ውስጥ ተገኝተዋል። ዋናው አካል ግን ለሽያጭ ወደ ቻይና መወሰዱ ተዘግቧል። ቁራጩ ማዕድኑን እንጂ ዘፈኑን አልያዘም።

እንግዲህ የአንድ ቁራጭ ዋጋ በውስጡ ገጽ ብቻ አይለካም። የወደቀበት ቦታ፣ ዘመኑና ያየው ሰው ቃል ከተለዩት፣ ፊርማው እንደ ተፋቀ ሥዕል ይሆናል። ስለዚህ የጅጅጋ መምህር የጉርሱምን ውስጥ በፎቶግራፍ እንኳ ለተማሪው ያሳይ፤ ሠዓሊው ከመደቡና ከፍንጣሪው ይማር፤ የዐይን ምስክር የሆኑ ሽማግሌዎችም ሳያልፉ ቃላቸው ይመዝገብ። ድንጋዩ ስማችንን ይዞ በዓለም መዝገብ ገብቷል፤ እኛም ውስጡን ልናውቅለት ይገባል።