ብረቱን ክፈተው እንጂ አትቦርቡረው

ከቴክኒክና ሙያ ተመርቆ ወደ ወርክሾፓችን የመጣ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ትራፓኖው ቁጭ ብሎ እያለ ለምን በእሳትና በመዶሻ እንለፋለን?» ብሎ ጠየቀኝ። የድፍረት ጥያቄ አልነበረም፤ የሠለጠነው በዚያ መንገድ ነው። ሥራ ስለበዛ ያን ዕለት ባጭሩ መለስኩለት። እዚህ ግን ረዘም አድርጌ ልመልስ፤ ይህንኑ የሚጠይቁኝ ከእኔ ቀድመው እሳት የሞቁ ባለሙያዎችም ናቸውና።

ወርድና ውፍረቱ 20 በ20 ሚሊሜትር የሆነ ድፍን ብረት ያዙ። የመስኮት ፍርግርግ ልትሠሩ በመካከሉ 16 ሚሊሜትር ክብ ዘንግ ማሳለፍ ትፈልጋላችሁ። ሳይጨናነቅ እንዲያልፍ በ16.5 ፑንታ ከበሳችሁት በግራም በቀኝም የሚቀራችሁ 2 ሚሊሜትር የማይሞላ ቅጠል ነው። 400 ካሬ ሚሊሜትር የነበረው ብረት እዚያ ቦታ ላይ 70 ብቻ ይሆናል። የቀረው ተላጭቶ ወለል ላይ ፈሷል። ፍርግርጉን ሊያጎብጥ የመጣ ሌባም ጉልበቱን የሚያሳርፈው እዚያው ላይ ነው። በያጆቹ ይህን ስለሚያውቁ ጭራሽ አይበሱትም፤ ክቡን ቆራርጠው ግራና ቀኝ ይለጥፉታል፣ ከዚያ በግራይንደር ያስተካክሉታል። ከሩቅ ያለፈ ይመስላል። እኔ ግን ያላለፈን ብረት አልፏል ብዬ ለደንበኛ አላስረክብም።

በእሳት ሲከፈት ከብረቱ የሚወጣ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በቁመቱ በመሮ ይሰነጠቃል፤ ማስፊያ የምንለው ሾጣጣ ብረት ሲገባ ግራና ቀኙ ወደ ውጭ ይሸሻል፤ የነበረው ሁሉ ቀዳዳውን ከቦ ይቆማል። ዳርና ዳር የሚታየው እብጠት ጌጡም ጥንካሬውም እሱ ነው። ሌላ ቅጠል፣ ሌላ አበባ መለጠፍ አያስፈልገውም።

ነገሩ ሁሉ ያለው በስንጥቁ ርዝመት ላይ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር ስከራከር ብውል አይሰለቸኝም። የ16.5 ክብ ዙሪያው 52 ሚሊሜትር ገደማ፣ ግማሹ 26 ነው። በወረቀት ላይ ስንጥቁ 26 መሆን ነበረበት። ነገር ግን የጋለ ብረት በማስፊያው ይለጠጣል፤ 26 የሰነጠቀ ሰው ላዩና ታቹ ክፍት የሆነ ሞላላ ቀዳዳ ይተርፈዋል። እኔ 22 ላይ እቆማለሁ። ከዚያ ያሳጠሩት እንደሆነ ጎኑ ከመጠን በላይ ተስቦ ይሳሳል። ሌላም አለ፤ ስንጥቁ ጎን ለጎን ሲከፈት ብረቱ በቁመቱ ያጥራል፣ በአንድ ቀዳዳ 5 ሚሊሜትር ገደማ። ስድስት ቀዳዳ ያለው ዘንግ 3 ሳንቲሜትር ያህል ይጎድለዋል ማለት ነው። ስለዚህ ከዚያው ብረት ቁራጭ ላይ አንድ ቀዳዳ ሳይሞክሩ መስኮት ለክቶ መቁረጥ አይቻልም። ፊላደልፊያ ይሠራ የነበረው ሳሙኤል የሊን (1884–1940) በአሜሪካ ትልልቅ ባንኮችን በብረት ሥራ ያስጌጠ ሰው ነው፤ እሱም ንድፉን በወረቀት ላይ ብቻ አይተወውም፣ አስቀድሞ ናሙናውን በብረት ቀጥቅጦ ያይ ነበር። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለም።

የመሮው ጫፍ ዳርና ዳሩ ክብ ይሁን። ማዕዘኑ የተሳለ መሮ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ቀጭን ጭረት ይተዋል፤ ማስፊያው ሲመጣ ብረቱ ከዚያ ጀምሮ ይቀደዳል። ይህን ፈርተው በሁለቱ ጫፎች ላይ ትንንሽ ቀዳዳ በትራፓኖ አውጥተው መካከሉን በመጋዝ የሚቆርጡ አሉ። አይቀደድባቸውም፣ እውነት ነው። ግን ለማስፋት እሳት ማንደዳቸው ካልቀረ መሮው ምን በደለ?

ብረቱ ብርቱካናማውን አልፎ ወደ ቢጫ ሲጠጋ፣ ከ1000 እስከ 1100 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ መስፉ ላይ አውጡት። ሦስት አራት ጊዜ ከመታችሁ በኋላ መሮውን ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ አለዚያ ጫፉ ለስልሶ ይደፈጠጣል። ቁንጥር የከሰል ዱቄት ስንጥቁ ውስጥ ጣል ብታደርጉ መሮው አይነክስም። መሮው ጠልቆ ሲገባ ድምፁ ይለወጣል፣ መዶሻው እጃችሁ ላይ ይነጥራል። ያኔ ገልብጡት። በቀላው ብረት ላይ ጠቆር ያለ ስስ መስመር ታያላችሁ፤ በመሮው ትይዩ ያለው ብረት ቀዝቃዛው መስፍ ላይ ተጭኖ ሙቀቱን ስለሰጠ ነው። መስመሩ ወዲያው ይደበዝዛል። መሮውን በትክክል እዚያ ላይ ማሳረፍ ያለባችሁ ሳይጠፋ ነው። ይህን መስመር በቃል አስረድቼው የገባው ሰው አላጋጠመኝም፤ ያየ ሰው ግን አይስተውም።

ከዚያ ወዲያ ማስፊያው ነው፤ ከሁለቱም ፊት፣ እንደገና እየጋለ። ብረቱ ደብዛዛ ቀይ ሲሆን መምታት ይቆማል፣ አለቀ።

ከአራትና ከአምስት መቶ ዓመታት በፊት በደቡብ ጀርመንና በኦስትሪያ የተሠሩ ፍርግርጎችን በፎቶ ባየሁ ቁጥር እቀናለሁ። በአንዱ ክፍል ቋሚው በአግዳሚው ውስጥ ያልፋል፤ ቀጥሎ ባለው ክፍል አግዳሚው በቋሚው ውስጥ ያልፋል። እንዲህ ከተጠላለፈ በኋላ ብረቱን ሳይቆርጡ መፍታት የማይታሰብ ነው። የኤሌክትሪክ ብየዳ አልነበራቸውም፤ አላስፈለጋቸውምም።

አባቴ ፍርግርግ ሠርቶ አያውቅም። ሥራው ማረሻ፣ ማጭድና ወገል ነበር። ወናፉን እየነፋሁለት ያደግሁት እኔ ነኝ። መዶሻውን ግን የሠራው ራሱ ነው፤ የእጀታውን ቀዳዳ የከፈተውም በዚሁ መንገድ፣ ከሁለቱም ፊት እየመታ። መካከሉ ጠበብ፣ ሁለቱ አፎቹ ሰፋ ያሉ ስለሆኑ እጀታው በሽብልቅ ከተወጠረ አይወልቅም። ቀዳዳ መክፈትን ያየሁት መጀመሪያ እዚያ ላይ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ወጣ እንጂ ስድቡ እኛ ሰፈር እስከ አባቴ ዘመን ደርሷል። ቀን ማረሻ ያሠሩ ሰዎች ቡዳ ነው እያሉ ልጆቻቸውን ከደጃችን ይሸሽጉ ነበር። እሳትና ብረት ምን እንደሚያደርጉ ቆሞ ያየ ስላልነበረ የማያውቁትን ፈሩት። ስለዚህ የእኔ ምድጃ በሩ አጠገብ፣ መንገደኛ የሚያየው ቦታ ላይ ነው። ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቆመው ያዩናል፤ አላባርራቸውም። ደንበኛ ሲመጣም ሻይ አስመጥቼ እሳቱ ዳር አቆመዋለሁ፤ ብረቱ ሲሰነጠቅና ሲያብጥ ይይ። ማን አስተማረህ ሲለኝ የአባቴን ስም ከነአያቴ እጠራለታለሁ። በሕይወት ሳለ በገበያ ቀን ቀጥቃጩ ይሉት ነበር እንጂ በስሙ የሚጠራው አልነበረም።