የማይዞር መንኰራኵር

ጌጥ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የዕቃውን ባሕርይ ይገልጻል፥ ሁለተኛው ይሸፍናል። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ስቲምፓንክ በሚባለው የእጅ ሥራ ላይ ፍርድ ለመስጠት ስትነሣ አስቀድመህ ይህን ልዩነት ያዝ።

ስቲምፓንክ የዛሬውን መሣሪያ የእንፋሎት ሞተር በነገሠበት በ19ኛው መቶ ዓመት መልክ ማስጌጥ ነው። ስሙን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ኬ. ደብልዩ. ጄተር የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ ለአንድ ዓይነት ልብ ወለድ ታሪክ አወጣው፤ ኋላ ግን ነገሩ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ሥራ ጠረጴዛ ገባ። ሰዎች በየቤታቸው ከናስ፥ ከመዳብ፥ ከቆዳና ከአሮጌ ሰዓት መንኰራኵር መነጽርና የአንገት ጌጥ ይሠሩ፥ ኮምፒዩተራቸውንም ያስጌጡ ጀመር።

ከዚህ ሥራ መካከል ምስጋና የሚገባው አለ። ጄክ ፎን ስላት በሚል ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 የአይ.ቢ.ኤምን አሮጌ ኪቦርድ ፈታ፤ የፕላስቲኩን ቁልፍ እያነሣ በጥንት የጽሕፈት መኪና ቁልፍ ተካው፤ አካሉንም በናስ አበጀው። ኪቦርዱ እንደ ቀድሞው ይጽፋል። ይህን ለማድረግ ከእያንዳንዱ ቁልፍ በታች ያለውን ማወቅ ግድ ነው፤ ስለዚህ ለማስጌጥ የተነሣ ሰው ተማሪ ይሆናል። የሥራውም ደግነት በዚህ ነው።

ነገር ግን አሮጌ የሰዓት መንኰራኵር በሙጫ ለጥፈው ሥራ ሠራን የሚሉም ብዙ ናቸው። ባለ ጥርስ መንኰራኵር የተበጀው ሌላውን ነክሶ ሊያዞር ነው። ምንም ሳያዞር በሣጥን ላይ ተለጥፎ ሲታይ፥ ልብሰ ተክህኖ ለብሶ ቅዳሴ የማያውቅ ሰው ይመስላል።

«ለጨዋታ ይህን ያህል ፍርድ ለምን አስፈለገ?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ ከእኛው አገር፥ ከጉና ተራራ ሥር ይገኛል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. የእንፋሎት መርከብን ለመምሰል በጣና ላይ ከደንገል በተሠራ ታላቅ ታንኳ ግራና ቀኝ በእጅ የሚዞር መንኰራኵር አስገጠሙ፤ ይህንም በዚያን ጊዜ እስረኛቸው የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፎታል። ታንኳው እንፋሎት አልነበረውም፤ መንኰራኵሩ ግን ይዞር ነበር። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋትም አብዛኞቹ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡትን የአውሮፓ ባለ እጆች መድፍ እንዲያፈሱ አዘዟቸው። ሥራውን ከዚያ በፊት አያውቁትም ነበርና ፊተኛው ሙከራ ከሸፈባቸው፤ ከብዙ ድካም በኋላ ግን 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተፈሰሰ፤ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ንጉሠ ነገሥቱ ሞቱ፤ ባለ እጆቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ የጋፋትም እሳት ጠፋ። መድፉ ቀረልን፥ ጥበቡ ግን ወራሽ አላገኘም። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን የራሳችን ነው። ማረሻውን የሚያበጅለትን ቀጥቃጭ ቡዳ ብሎ የሚሸሽ ሕዝብ ልጁን ወደ ምድጃው አይልክም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ፤ ስድቡ ግን በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም።

እንግዲህ የናስ መንኰራኵር በአንገቱ አንጠልጥሎ ናሱን የቀጠቀጠውን እጅ የሚንቅ ወጣት ቢገኝ፥ ከሣጥን ላይ ከተለጠፈው መንኰራኵር በምን ይለያል? የእጅን ሥራ መልክ ወደደ፥ ሥራውን ግን ጠላ። እኔ የምነቅፈው ጌጡን ሳይሆን ይህን ነው።

መሣሪያን ለራስ ማበጀት ምን እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ኢንጂነር አያና ብሩን ያስብ። እርሳቸው የባሕር ማዶውን የጽሕፈት መኪና ለአማርኛ እንዲስማማ ባበጁ ጊዜ ጭንቀታቸው የመኪናው ውበት አልነበረም፤ ለ26 ሆሄያት የተሠራ መኪና ከ200 የሚበልጡትን ፊደሎቻችንን እንዴት ይሸከም የሚል ነበር እንጂ።

ስለዚህ ኮምፒዩተርህን ማስጌጥ ብትወድ አስጊጥ። አስቀድመህ ግን ከኤሌክትሪክ ንቀለው፤ ናስና መዳብ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉና ፍቅፋቂያቸው በውስጡ እንዳይቀር ተጠንቀቅ፤ የሙቀቱንም መውጫ አትድፈን። ገና የምትጽፍ የአማርኛ መኪና ብታገኝ ለቁልፏ ብለህ አትስበራት። ወደ ቀጥቃጭ ሂደህ ናስ በእሳት እንዴት እንደሚለዝብ በአክብሮት ጠይቅ፥ ዋጋውንም ሳትከራከር ክፈል። ሥራህን ስትጨርስ አንድ ሕፃን ጣቱን በመንኰራኵሩ ላይ አኑሮ «ይህ ምን ይሠራል?» ቢልህ፥ የምትመልስለት ነገር ይኑርህ።