ያገለገለች ጀልባ ሲያንኳኩ

ገበያ ወርዳ እንስራ የምትመርጥ ሴት ዋጋ ከመጠየቋ በፊት እንስራውን ታንኳኳለች። በአንድ እጇ አፉን ይዛ፣ በሌላው እጇ የጣት አንጓ ሆዱን ኳ ታደርገዋለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው። ድምፁ ከታፈነ ግን ዓይን ያላየው ስንጥቅ አለና፣ ሻጯ የቱንም ያህል ብትምል ብትገዘት መልሳ ታስቀምጠዋለች። ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ በደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ፣ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው ሰው ትንሽ መዶሻ ይዘው በብረት ድጋፍ ላይ ከቆመች ጀልባ ሆድ ስር ሲንበረከኩ ሳይ፣ ሊያደርጉ ያሰቡትን ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ሰውየው የጀልባ መርማሪ ናቸው፤ በሙያው አጠራር ሰርቬየር። የቀጠራቸው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ውቅያኖስ ማቋረጥ የምትችል ያገለገለች ባለ ሸራ ጀልባ ሊገዛ ቆርጧል። እኔ ባሕር ሲናወጥ ከሩቅ ማየት እንኳ የሚያዞረኝ የደጋ ሰው ነኝ፤ የተሰጠኝ ሥራ ባትሪ መያዝ ብቻ ነበር። ባትሪ ያዥነት ግን የሚናቅ ሥራ አይደለም። አዋቂው የሚያየውን ሁሉ አብሮ ያያል።

ጀልባዋ ኮንቴሳ 32 ትባላለች። ዴቪድ ሳድለር የነደፋት፣ ጄረሚ ሮጀርስ ሊሚንግተን በምትባለው የወደብ ከተማ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፋይበርግላስ የሠራት ናት፤ ከ700 በላይ እህቶች አሏት። ቁጥሩ ርዝመቷን በጫማ ይናገራል፤ በሜትር 9.75 ነው። ክብደቷ ከአራት ቶን ጥቂት ያልፋል፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ኪል በሚባለው፣ ከሆዷ ወደ ታች በሚወርደው ክንፍ ውስጥ የታሸገ እርሳስ ነው። በዛሬ ዓይን ጠባብ ናት፤ ዝቅ ያለች በመሆኗም ማዕበሉ ብዙ ጊዜ በላይዋ ይረጫል።

ስሟን ያስጠራው በኦገስት 1979 እ.ኤ.አ. የሆነው ነው። ከዋይት ደሴት ተነስቶ በደቡብ አየርላንድ በኩል ያለውን የፋስትኔት ዐለት ዞሮ በዚያን ጊዜ ፕሊመዝ ላይ ያበቃ የነበረው ውድድር 303 ጀልባዎች ይዞ ወጣና መንገድ ላይ ዐውሎ ነፋስ ያዘው። 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። 24 ጀልባዎችን ሰዎቻቸው ጥለዋቸው ወጡ፤ ከእነዚህ ውስጥ የሰጠሙት ግን 5 ብቻ ነበሩ። በትንንሾቹ ምድብ ከተነሱት 58 ጀልባዎች ውድድሩን የጨረሰችው አንዲት ናት፤ አሴንት የምትባል ኮንቴሳ 32። በኋላ የተካሄደው ምርመራ ኮንቴሳን በዘመኑ ከነበረች ቀላል የውድድር ጀልባ ጋር አነጻጽሮ፣ ኮንቴሳዋ ከ150 ዲግሪ በላይ ካልዞረች በቀር ራሷ ተመልሳ እንደምትቆም አሳይቷል።

ባልደረባዬ ይህን ሁሉ እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል። ለሰርቬየሩ ሊነግራቸው ሲጀምር ግን እጃቸውን አነሱና “እሷ እህቷ ናት” አሉት። የእናት ሆድ ዝንጉርጉር ነው የምንለውን በእንግሊዝኛ ሲናገሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከአፍንጫዋ ጀመሩ። በየስንዝሩ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ቁልጭ ያለ ድምፅ የፋይበሩ ንብርብር እንደተጣበቀ መሆኑን ይናገራል። ዱብ የሚለው ንብርብሩ ተላቆ ወይም ውሃ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ከኋላው የእንጨት ግድግዳ ስላለ ብቻ ይሆናል። ያን ለመለየት እኔ ውስጥ እየገባሁ “እዚህ ጋ ግድግዳ አለ፣ እዚህ ጋ ባዶ ነው” እያልኩ እጮህ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የተጋጨ በር ስቱኮ ተሞልቶ ሲቀባ ዓይንን ያታልላል፤ ጣትን ግን አያታልልም።

ከውሃ መስመሩ በታች አሥራ አንድ ትንንሽ እብጠቶች በጠመኔ ተከበቡ። ሰርቬየሩ አንዱን በቢላ ጫፍ ሲወጉት ፈሳሽ ፊጭ አለ። አሸተቱትና እኔንም አስሸተቱኝ፤ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይላል። ፋይበርግላስ ውሃ የማይገባው ይመስለናል እንጂ፣ ለዓመታት ባሕር ላይ የኖረ የጀልባ ቀፎ ቀስ በቀስ ውሃ ይስባል። የገባው ውሃ ፋይበሩን በሚያጣብቀው ሬዚን ውስጥ ያገኘውን ኬሚካል እያሟሟ አሲድነት ያለው ፈሳሽ ይሆናል፤ ያ ፈሳሽ ሌላ ውሃ ይጠራና ያብጣል። ጣና ዳር የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠግብ ጎትተው አውጥተው ፀሐይ ያስመቱታል። የፋይበርግላሱም ሕክምና ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ልጣጩ ተገፎ ቀፎው ለወራት ይደርቅና በኢፖክሲ ይሸፈናል። ልዩነቱ ሂሳቡ ላይ ነው። ባልደረባዬ እብጠቶቹን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ሽማግሌው ግን “በዚህ የሰጠመ ጀልባ አይቼ አላውቅም” አሉና አለፉ።

ጀልባ የሚያሰጥመው ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳውን የሚበሳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሠሪው ራሱ ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ ውሃ የሚገባበት፣ የዕቃ ማጠቢያው የሚፈስበት፣ የመጸዳጃው መግቢያና መውጫ፤ ሁሉም ከውሃ መስመር በታች ቀፎውን በስተው ያልፋሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይም አንድ ቫልቭ ተቀምጧል። በዚህች ጀልባ አምስት ቫልቮች ነበሩ። ሦስቱ ከሠሪዋ ጋር የመጡ፣ ከነሐስ የተቀረጹ፣ እጅ ላይ የሚከብዱ ናቸው፤ ሽማግሌው እጀታቸውን ገፋ ሲያደርጉት ያለ ድምፅ ዞሩ። በየጎናቸው ከለስላሳ እንጨት የተቀረጸ ሾጣጣ ውታፍ በሲባጎ ታስሯል። ቫልቩ ቢሰበር ያን ውታፍ ቀዳዳው ውስጥ መትቶ ነፍስ ለማትረፍ ነው። ውታፉን ያሰረው ሰው ማሰሪያውን በሌሊት፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ በአንድ እጅ እንዲፈታ አድርጎ ነው የቋጠረው። ስቤ ሞከርኩት፤ በአንድ እጅ ተፈታ።

የቀሩት ሁለቱ ከኋለኞቹ ባለቤቶች አንዱ የቀየራቸው ናቸው፤ የሚያብረቀርቁ፣ አዲስ የሚመስሉ። ለእኔ ከሁሉም የሚያምሩት እነሱ ነበሩ። ሽማግሌው ቢላቸውን አወጡና የአንዱን አንገት ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ከቢጫው ስር ሮዝ ቀለም ወጣ። ናስ የመዳብና የዚንክ ድብልቅ ነው፤ በጨው ውሃ ውስጥ ዚንኩ ቀድሞ ይሟጠጣል። የሚቀረው ቅርጹን እንደጠበቀ የቆመ፣ ግን ውስጡ እንደ ደረቀ ዳቦ የሚፈረፈር መዳብ ነው። ለቤት ቧንቧ የሚሆነውን ከሃርድዌር መደብር ገዝቶ ባሕር ውስጥ የገጠመው ሰው ጥቂት ፓውንድ አትርፏል። እንዲህ ያለው ቫልቭ እግር ቢረግጠው እንኳ ሊሰበር ይችላል።

የላይኛውን ወለል ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ረገጡት፤ ለእግር የሚለሰልስ ቦታ ይፈልጋሉ። ምሰሶውን ወጥረው የያዙትን የአይዝጌ ብረት ሽቦዎች በለስላሳ ወረቀት ጠቅልለው ከላይ እስከ ታች ሳቡ፤ ከጥምጥሙ አንዲት ክር እንኳ ተበጥሳ ከሆነ ወረቀቱን ትይዘዋለች። አልያዘችም። መሪውን ግራ ቀኝ ነቀነቁት፣ ከግርጌው የሚንጠባጠብ ውሃ እንዳለ በእጃቸው ዳሰሱ። የለም።

ውስጧ ስንገባ ግን የሰውየው አካሄድ ዝግ አለ። ከወጥ ቤቱ መሳቢያዎች አንዱን አሳዩኝና “ሳበው” አሉኝ። ሳብኩት፤ ንቅንቅ አላለም። የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በሁለት ጣት ብድግ አድርገው ሲስቡት ሰተት ብሎ ወጣ። መሳቢያው ከፊት ጠርዙ ስር ትንሽ ጥርስ አለው፤ ሲዘጋ ጥርሱ ከአግዳሚው ጀርባ ወርዶ ይቀመጣል። ጀልባዋ በጎኗ ስትጋደም ቢላና ሹካው ተግተልትሎ ሰው ላይ እንዳይወርድ ነው። ብረት የለበት፣ ስፕሪንግ የለበት፤ አናጢው ጥቂት ሚሊሜትር እንጨት አስቦ አስቀርቷል፣ አለቀ። የጠረጴዛው ማዕዘኖች ሁሉ ክብ ናቸው፤ በማዕበል የወደቀ ሰው ጎድኑን እንዳይሰብሩት። ከደረጃው እስከ መኝታው እጅ ከአንድ መያዣ ሳይለቅ ሌላውን ያገኛል። ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩበት።

ከዚያ ባትሪዬን አስጠጉና ቪቴዎቹን አሳዩኝ፤ ይልቁንም አለመታየታቸውን። ቪቴው ጥቂት ወደ ውስጥ ይሰምጥና በላዩ ከዚያው ከቲክ እንጨት የተቆረጠ ክብ ውታፍ ይመታበታል፤ ከዚያ ይላጋል፣ ቫርኒሽ ይቀባል። ይህን ማንም ደህና አናጢ ያደርገዋል። እዚህ ግን ውታፉ ሲመታ የእንጨቱ መስመር ከሳንቃው መስመር ጋር እንዲገጥም ተደርጓል፤ አንድ በአንድ፣ ከትራስ ጀርባ ባሉት ሳይቀር። ለውሃ መከላከል ምንም አይጨምርም። ለጥንካሬ ምንም አይጨምርም። ጊዜ ብቻ ይበላል። አርባ ቆጠርኩ፤ አርባውም ገጥመዋል። ያን ሳንቃ የመታው አናጢ አለቃው አጠገቡ የቆመ አይመስለኝም፤ እጁ ሌላ ዓይነት ማድረግ እምቢ ብሎት ይመስለኛል።

ጌጥ ብቻ ነው ብዬ ልተወው ስል ሽማግሌው ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ። ከመኝታው በላይ ሁለት ውታፎች መስመራቸው ተጋድሟል። “እዚህ ሌላ እጅ ገብቷል” አሉ። ሳንቃውን ፈታነው። ከበስተኋላው ከላይኛው ወለል በስቶ የወረደ የመደገፊያ አጥር ብሎን አለ፤ ዙሪያውን ጥቁር የውሃ ዱካ ወርዷል። አንድ ሰው ፈስሶበት፣ ከፍቶ አይቶ፣ ማስቲሽ ለቅልቆ ዘግቶታል። ሽማግሌው ወስፌ የመሰለች ሹል ብረት አውጥተው ከስሩ ያለውን የእንጨት ግድግዳ ወጉት። ከላይ ደረቅ ነው። ወደ ታች ሁለት ጣት ያህል ቦታ ላይ ብረቷ እንደ ሙዝ ገብታ ሄደች። የመጀመሪያው አናጢ ያን ያህል ባይጠነቀቅ ኖሮ ያ ቦታ ከሌላው አይለይም ነበር። ጥንቁቅ ሥራ ከእሱ በኋላ የመጣውን ልግመኛ ሁሉ ያጋልጣል፤ እኔ ለውበት ብቻ መስሎኝ የነበረው ነገር ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ምስክር ሆኖ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ በዚህ ዓይን ነው ያየሁት። በብዛት ለመሸጥ የተሠሩ ብዙ ጀልባዎች ውስጣቸውን ሌላ የፋይበር ቅርፊት ይሸፍነዋል፤ ያምራል፣ ይጸዳል፣ ከኋላው የሚሆነውን ግን ማንም አያይም። በዚህች ጀልባ ትራሱን ባነሳንበት፣ የወለሉን ሳንቃ ባነሳንበት ቦታ ሁሉ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ከወለሉ ስር ያሉት እንጨቶች በግርጌያቸው ትንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ የገባ ውሃ እየተጠራቀመ እንዳያበሰብስ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ እንዲወርድና ፓምፑ እንዲያገኘው። የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ራሱ በሬዚን ተቀብቷል። እዚያ ድረስ የሚያይ ሰው ከእኔና ከባትሪዬ በቀር መቼ እንደመጣ አላውቅም። ሠሪው ግን አንድ ቀን ሰው መጥቶ እንደሚፈትሸው አምኖ የሠራ ይመስላል። ባልደረባዬ ሸራ፣ ቀለምና መሣሪያ ሲያይ ዋለ፤ እኔ ግን ገዢ ብሆን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ እጄ ይደርሳል?

ሞተሩ ብዙ አላስቸገረም። ሽማግሌው ጠዋት ሲደርሱ ሰላም ከማለታቸው በፊት መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳርፈው ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው። ሻጭ አስቀድሞ ያሞቀው ሞተር ሁሌም በቀላሉ ይነሳል። ይሄኛው ቀዝቅዞ ተነሳ፣ ትንሽ ነጭ ጭስ አጨሰ፣ ጠራ። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የመሰለ ነገር አልነበረም።

ባልደረባዬ ጀልባዋን ገዛት፤ ለበሰበሰው ግድግዳና ለቫልቮቹ ከዋጋው አስቀንሶ። አሥራ አንዱን እብጠቶች እስካሁን አልነካቸውም። ሁለቱን የናስ ቫልቮች ሲያወጣ አንዱ በእጁ ግፊት ብቻ ከአንገቱ ተቆርጦ ቀረ፤ ለባትሪ ያዡ ብሎ ሰጠኝ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ይጫናል። ከውጭ ዛሬም እንደ ወርቅ ያብረቀርቃል፤ ስብራቱ ሮዝ ነው።