የአስኳል ቅርጽ በእርሾ ሕዋስ፦ ምን ተረጋገጠ፣ ምንስ ይቀራል?

በጣራ ገዳም ግርጌ ባሉ መንደሮችም ሆነ በደብረ ታቦር፣ ጌሾና ብቅል ተዋሕደው ጠላ ሲጠነሰስ ድፍድፉን ከሚያፈሉት ረቂቅ ሕዋሳት ግንባር ቀደሙ ሳካሮማይሰስ ሰርቪዚዬ የተባለው እርሾ ነው። ይህ ሕዋስ እንደ ሰው ሕዋስ ሁሉ ክሮሞዞሞቹን በሽፋን በታጠረ አስኳል ውስጥ ይይዛል። የአስኳል ቅርጽ በምን እንደሚወሰን ለማጥናት ተመራማሪዎች የመረጡትም ስለዚህ ነው። ጥያቄው ከሐኪም ሥራ የራቀ አይደለም። ከማኅፀን በር የተወሰደ ናሙና የሚመረምር የፓቶሎጂ ባለሙያ ካንሰርን ከሚጠረጥርባቸው ምልክቶች መካከል የአስኳሉ መተለቅና የጠርዙ መዛነፍ ይገኙበታልና።

እ.ኤ.አ. በ1998 ሲኒዮሶግሉና ባልደረቦቹ ኔም1 እና ስፖ7 የተባሉት ፕሮቲኖች ከጎደሉ የእርሾው አስኳል ክብነቱን እንደሚያጣ አሳዩ። በ2005 እና በ2006 የወጡ ጥናቶች ደግሞ ምክንያቱን ገለጡ። ሁለቱ ፕሮቲኖች ተጣምረው ፓህ1 የተባለውን ኤንዛይም ያነቃሉ፤ ኤንዛይሙም ፎስፋቲዲክ አሲድን ለክምችት ስብ መነሻ ወደሚሆን ቅባት ይለውጣል። ሰንሰለቱ ሲበጠስ የሽፋን ፎስፎሊፒድ ይበዛል፤ የአስኳሉም ሽፋን ከልክ በላይ ያድጋል።

የእነዚህ ሥራዎች ትልቁ ፋይዳ፣ የአስኳል ቅርጽ ከስብ ምርት ጋር የተሳሰረ መሆኑን ማስረዳታቸው ነው። በ2006 ከኮኸን-ፊክስ ቤተ ሙከራ የወጣው ጥናት ትርፉ ሽፋን በሁሉም አቅጣጫ ሳይሆን ኑክሊዮለስ ባለበት በኩል ብቻ እንደሚወጠር አሳየ። በ2007 ጆርገንሰንና ባልደረቦቹ የአስኳሉ ይዘት ከሕዋሱ ይዘት 7 በመቶ ገደማ ሆኖ አብሮ እንደሚያድግ ለኩ። ሽፋኑ ሲበዛም ይህ ምጣኔ እንደማይናጋ በኋላ ታውቋል። ስለዚህ መጠንና ቅርጽ አንድ ጉዳይ አይደሉም፤ ሁለቱን አደባልቆ የሚያስተምር ማብራሪያ ሊታረም ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ሁለት ጉድለቶች በግልጽ ሊነገሩ ይገባል። አንደኛ፣ ማስረጃው በአብዛኛው ጂን በማጥፋት የተገኘ ነው። አንድ ምሰሶ ሲነሳ ቤት መዝመሙ ምሰሶው አስፈላጊ መሆኑን ያሳያል፤ ቤቱን ያቆመው እርሱ ብቻ መሆኑን ግን አያረጋግጥም። ሁለተኛ፣ እርሾ የሰውን አስኳል ከውስጥ የሚደግፉት ላሚን የተባሉ ፕሮቲኖች የሉትም፤ ሲከፋፈልም የአስኳሉን ሽፋን አያፈርስም። በ2003 የታወቀው፣ ሕፃናትን ያለ ዕድሜያቸው የሚያስረጀው የፕሮጄሪያ መንስኤ ግን የላሚን ኤ ጂን ጉድለት ነው። እንግዲህ በእርሾ የተገኘውን የቅባት መንገድ የካንሰር አስኳል መዛነፍ ማብራሪያ አድርጎ ማቅረብ ከማስረጃው መቅደም ነው።

ይህ ማለት ግን እርሾው ለሕክምና አይጠቅምም ማለት አይደለም። የፓህ1 አቻ የሆነው የሰው ሊፒን 1 ሲጎድል በሕፃናት ላይ ከባድ የጡንቻ መፈራረስ እንደሚያስከትል በ2008 ተረጋግጧል። ኤንዛይሙ በሁለቱም ፍጥረታት የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ የጉድለቱ ውጤት ግን በየፍጥረቱ ይለያያል።

በደብረ ታቦርም ሆነ በሌላ ሥፍራ ሕክምና የሚያስተምር መምህር ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። በማይክሮስኮፕ የሚታየው የአስኳል መዛነፍ ምልክት እንጂ መንስኤ አይደለም። እርሾው መንስኤውን በምን መንገድ መፈለግ እንደሚቻል አሳይቷል፤ መልሱ ግን በሰው ሕዋስ ላይ በሚደረግ ምርምር መረጋገጥ ይኖርበታል።