ሽለላ ያለ ቃል፤ የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ስለ መመዘን

ሰሊጡ ደርቆ አፉን ሳይከፍትና ፍሬውን መሬት ላይ ሳያረግፍ ለማጨድ ከበለሳ፣ ከደምቢያና ከጋይንት የወረደው ሠራተኛ የመተማንና የቋራን ቆላ በሚሞላበት በጥቅምት መጨረሻ፣ ገንደ ውሃ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ሳለሁ፣ የጌታቸው መኩሪያን «ሽለላ» ከያዝኋት ትንሽ ማጫወቻ አሰማሁ። በአጠገቤ የነበሩት ሦስት አድማጮች ሦስት ዓይነት ፍርድ ሰጡ። ከጎንደር ከተማ የመጣው ወጣት «ጡሩንባው በዛ» ብሎ ፊቱን አዞረ፤ ከገዳሪፍ ጭነት ይዞ የገባው ሱዳናዊ ሾፌር በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ፣ ዜማው የአገሩን የሠርግ ዘፈን እንደሚያስታውሰው በተሰባበረ አማርኛ ተናገረ፤ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉት የበለሳ ሽማግሌ ግን ጥቂት ጸጥ ካሉ በኋላ፣ «ለመሆኑ ምን ጥሎ ነው እንዲህ የሚለው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ስለዚህ ሸክላ ከሰማኋቸውና ካነበብኋቸው አስተያየቶች ሁሉ ወደ ነገሩ ሥር የቀረበው ይህ የሽማግሌው ጥያቄ ነው። ሽለላ ዋስ የሚጠራ ንግግር ነውና፤ ሸላዩ አባቱን ጠርቶ፣ ጠመንጃውን አወድሶ፣ የጣለውን አውሬ ወይም ጠላት ቆጥሮ ሲያበቃ፣ አድማጩ የተባለውን ከተደረገው ጋር ያስተያያል፤ ግዳይ የሌለው ፉከራ ለባለቤቱ ውርደት ነው። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በወደቁበት በመተማ፣ ካሣ ኃይሉም ቴዎድሮስ ሳይባል ባደገበት በቋራ፣ ይህ ሕግ ለማንም ሊነገር አያስፈልገውም። ታዲያ ቃልም ግዳይም የሌለው፣ ከአውሮፓ የመጣ የናስ መሣሪያ በምን ዋስ ይሸልላል? ሸክላውን የሚመዝን ሰው መልሱን ከዚህ መፈለግ ይገባዋል።

ጌታቸው በ1927 ዓ.ም. በይፋት ተወልዶ፣ ሳክስፎን ከመያዙ አስቀድሞ ክራርና መሰንቆ የሞከረ፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ የሠራ፣ በ2008 ዓ.ም. ያረፈ ሰው ነው። ከዚህ ሁሉ ለጆሮ የሚጠቅመው የመሰንቆው ነገር ነው። መሰንቆ የሚጫወት አዝማሪ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው በደረጃ አይወጣም፤ ያንሸራትታል፤ የቃሉንም መጨረሻ በጭራው ያንቀጠቅጠዋል፤ ጌታቸውም በቴነር ሳክስፎኑ ያደረገው ይህንኑ ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ገደማ ፊሊፕስ ያሳተመው ሸክላ፣ በ2003 ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክ» ተከታታይ 14ኛ ቅጽ ሆኖ በፈረንሳይ ዳግመኛ ሲወጣ፣ የውጭ አድማጮች በአንክሮ ተቀበሉት፤ ብዙዎቹም ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር አነጻጸሩት። ክብር መስጠታቸው ነውና አልነቅፋቸውም፤ ሆኖም ሚዛኑ የሌላ ገበያ ሚዛን ይመስለኛል። እነዚያ ሁለቱ የጃዝን የስምምነት ሥርዓት ጠንቅቀው ካወቁት በኋላ ከአጥሩ ዘለው የወጡ ናቸው፤ ጌታቸው ግን የሚዘለው አጥር አልነበረበትም፤ ከአፍ ወደ ናስ ያሻገረው ልሳን ቀድሞ የነበረና ሕጉ የታወቀ ነው። ከአሜሪካኖቹ አንድ እንድመርጥ ብገደድ የጆን ኮልትሬንን «ኤ ላቭ ሱፕሪም» የመጨረሻ ክፍል እጠራለሁ፤ በዚያ ክፍል ኮልትሬን ራሱ የጻፈውን ጸሎት ቃል በቃል እየተከተለ፣ አንዲት ቃል ከአፉ ሳያወጣ በሳክስፎን ያነብባል። ኮልትሬንንና ጌታቸውን የሚያገናኛቸው የድምፁ መሻከር ሳይሆን ንባቡ ነው።

እንግዲህ ንባብ ከሆነ በንባብ ሕግ ይመዘን። እኔ ለራሴ የምጠቀምበት መሣሪያ ከቅዱስ ያሬድ የዜማ ምልክቶች የተዋስሁት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ምልክቶቿን ለሳክስፎን ብላ አላዘጋጀችምና፣ ደብተራ የሆነ ወዳጄ ይህን ቢያነብ ሳይቆጣ አይቀርም። አስቀድሜ ደረቱን አዳምጣለሁ፤ ድምፁ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራምና ሙሉ ሆኖ ይቆያል ወይስ ይሳሳል? (በስልክ ድምፅ ማጉያ ይህን ለመፍረድ የሚሞክር ሰው ይሳሳታል፤ የሸክላው ግማሽ ክብር ከታች ነውና።) ቀጥሎ ጭረቱን እከተላለሁ፤ መንሸራተቱ ወደታሰበው ድምፅ በቀጥታ የሚያደርስ መሆን አለበት፤ መንገድ እንደጠፋው ሰው የሚንከራተት ከሆነ አይረባም። ከሁሉ ይልቅ ግን ርክርኩንና ቁርጡን አስተውላለሁ። ሰፊው መንቀጥቀጥ የጌታቸው ማኅተም ነው፤ በ«ሽለላ» ውስጥ ቃሉ የሚያበቃበት ላይ ሲመጣ ሸላዩ ጭንቅላቱን እንደሚነቀንቅ ያህል ይሰማል፤ ከዚያም ድምፁ ሳይለምን፣ ሳይሟሟ፣ በድንገት ይቆረጣል። ይህን ቁርጥ በቅጡ የሚያደርግ ነፊ እምብዛም አላገኘሁም፤ አብዛኛው ትንፋሹ እስኪያልቅ ይጎትተዋል።

ጉድለት የለውም አልልም። በ«ትዝታ» ላይ ያው ርክርክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለማያርፍ፣ ኀዘኑ የሚተነፍስበት ቦታ ያጣል፤ ትዝታ ዝምታን ይፈልጋል፤ ወጣቱ «በዛ» ያለው ስለዚህ ቢሆን ኖሮ እጄን በሰጠሁት። ደግሞም ቀረርቶ ምት የማያስረው ነጻ ዜማ ሲሆን፣ የባንዱ ምት ከሥር ሳያቋርጥ ሲሄድ፣ ነፊው እስራቱን እየጎተተ የሚሸልል የሚመስልበት ጊዜ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ከሆላንዱ «ዘ ኤክስ» ባንድ ጋር በሠራው «ሞዓ አንበሳ» ጊታሮቹ የበለጠ ይጮኻሉ፤ ይህን የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን የሰባ ዓመቱ አዛውንት፣ በመድረክ የአንበሳ ጎፈር ለብሶ፣ ያን ሁሉ ጩኸት በደረቱ ብቻ ሲያልፈው ከማድነቅ በቀር፣ ለመማር የምመለሰው ወደ አሮጌው ሸክላ ነው። ሾፌሩን በተመለከተ አልተሳሳተም፤ የሱዳንም ዜማ እንደኛው በአምስት ድምፅ የሚሄድ ስለሆነ፣ ድንበሩን ከጋላባት ወዲህ ሲሻገር ጆሮው ቀረጥ አይከፍልም። የሰማው ግን መንገዱን እንጂ ቃሉን አልነበረም።

ለሽማግሌው በቃል መልስ አልሰጠሁም። «አባቴ፣ እስቲ ደግመው ይስሙት» ብዬ ማጫወቻውን ወደ ጆሯቸው አስጠጋሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዳመጡ፤ ሳክስፎኑ ከታች ተነሥቶ ትንፋሹ ሊያልቅ የተቃረበ መስሎ፣ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ወደ ላይ ወጥቶ፣ በዚያው በስንጥቁ ላይ ሳያፈገፍግ ከቆመ በኋላ ሲቆረጥ፣ አንድ ጣታቸውን አነሡ።

«ይኸው፣ እዚህ ላይ ጣለ» አሉ፤ ወዲያውም ለሻይ ቤቷ ልጅ፣ ስኳር ቀነስ አድርጋ ሌላ ሻይ እንድታመጣላቸው ነገሯት።