ዳይሱ ሲከሽፍ ምን ይሆናል?

የሚና ጨዋታ መጽሐፍ እጄ ሲገባ ቀድሜ የምገልጠው ባዶውን የገጸ ባሕሪ ወረቀት ነው። ሽፋኑ ላይ ዘንዶ ይኖራል፣ መግቢያው ስለ ፍቅርና ስለ ክህደት ይሰብካል፤ ተጫዋቹ ግን ምሽቱን ሙሉ ዓይኑን የሚጥለው እዚያች ወረቀት ላይ ነው። ግማሿ በጦር መሣሪያ፣ በጋሻና በጉዳት ነጥብ ከተሞላች መግቢያው ያለውን ቢል የሚጠብቃችሁ ውጊያ ነው።

ለማያውቀው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ሚና ይዘው «አሁን ምን ታደርጋለህ?» ሲባሉ ይመልሳሉ። ጉዳዩ ወዴት እንደሚያጋድል ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። መቼ እንደሚጣልና ምን እንደሚከተል የሚወስነው ደንቡ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ካወጡ ወዲህ የደንቡ ዓይነት በዝቷል። «የቱ ይሻላል?» የሚሉኝን ጓደኞቼን መልሼ የምጠይቃቸው ባለፈው ሲገናኙ ከልብ ያሳቃቸው ወይም ያጨቃጨቃቸው ምን እንደነበር ነው።

ከወረቀቷ ቀጥሎ የማየው ሽልማቱን ነው። ተጫዋች ነጥብ የሚያስገኝለትን ያደርጋል፤ ሰው ነዋ። በመጀመሪያዎቹ የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እትሞች ከዋሻው ይዘህ የወጣኸው አንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ የልምድ ነጥብ ያስገኝ ነበር፤ ጭራቅ መግደል ከዚያ ጋር ሲተያይ የሚያስገኘው ጥቂት ነው። ስለዚህ ብልህ ቡድን ጭራቁን ያታልላል፣ ያደባል፣ ሲብስም እግሬ አውጪኝ ይላል። በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ነጥቡን በዋናነት ጭራቅ ከማሸነፍ ጋር አስተሳሰረው፤ እዚያ ለመሸሽ የሚቸኩል ብዙም አታዩም። ስሙ አንድ፣ ጨዋታው ሁለት ሆነ። የድሮዎቹ እትሞች የተዝረከረኩ ናቸው ይባላል፣ እውነትም ናቸው፤ እኔ ግን ሽሽትን ከብልሃት የሚቆጥር ደንብ ይጥመኛል።

ትልቁ መለኪያዬ ግን የከሸፈ ዳይስ ነው። በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ እያንዳንዱ ቁጥር እኩል 5 በመቶ ዕድል አለው። ሌባው የተቆለፈውን በር ሊከፍት ሞከረ፣ 4 ወጣለት፣ አልተከፈተም። ከዚያስ? ደንቡ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ዝም ይላል። ጎበዝ መሪ አንድ ነገር ይፈጥራል፤ ጀማሪው «በል እንደገና ሞክር» ይላል፣ ምሽቱም በር ላይ ያልቃል።

ቪንሰንትና ሜጌይ ቤከር በ2010 ያወጡት አፖካሊፕስ ወርልድ ይህን ቀዳዳ ደፈነው። ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች ይደመራሉ፣ የገጸ ባሕሪው ጭማሪ ይታከላል። 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ያሰበው ይሳካል። ከ7 እስከ 9 ሲሆን ይሳካል፣ ግን ያስከፍላል፤ በሩ ተከፈተ፣ ዘበኛውም ነቃ። 6ና ከዚያ በታች ከወጣ ቀጣዩን የሚወስነው መሪው ነው፣ ታሪኩም ወደ ባሰው ይሄዳል። ሒሳቡን አስሉት፦ ጭማሪ ከሌለ ከ36ቱ አወጣጦች 15ቱ መካከለኛው ላይ ያርፋሉ፤ ጭማሪው 2 ሲሆን ውድቀቱ ከ15 ወደ 6 ይወርዳል፣ መካከለኛው ግን እዚያው 15 ላይ ነው። ገጸ ባሕሪው ጠነከረ፣ መክፈሉ አልቀረለትም። በዚህ የሙያ ዘርፍ ከዚህ የተሻለ አናጢነት ያየሁት ጥቂት ነው።

ጆን ሃርፐር በ2017 ያሳተመው ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ ደግሞ ዳይሱ ሳይጣል አደጋው ምን ያህል እንደሆነና ቢሳካ ምን ያህል እንደሚያራምድ መሪው እንዲናገር ያስገድደዋል። ስለ ዝርፊያ ዕቅድ ሁለት ሰዓት የሚከራከር ቡድን ካላችሁ ይህን ውሰዱ። ዕቅዱ ይዘለልና በቀጥታ ዝርፊያው መሃል ይገባል፤ የጎደለ ነገር ሲያጋጥም ተጫዋቹ እንደ ነገሩ ክብደት የውጥረት ነጥብ ከፍሎ «ዘበኛውን እኮ ትናንት ጉቦ ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ወደ ኋላ ይተርካል።

ሳንዲ ፒተርሰን በ1981 ያዘጋጀው ኮል ኦፍ ክቱሉ በመቶኛ ስለሚሠራ ሒሳብ የሚጠላ ሰው እንኳ ማብራሪያ አይጠይቅም። ችሎታህ 60 ከሆነ 60ና ከዚያ በታች ማውጣት ነው። ችግሩ ምርመራው ላይ ነው። ፍንጩ ከዳይስ ጀርባ ከተደበቀና ዳይሱ ከከሸፈ ታሪኩ ቀጥ ይላል። ሮቢን ሎውስ በኋላ የሠራው ጋምሹ ይህንኑ አቃና፤ ሙያው ያለው መርማሪ ተገቢውን ቦታ ከፈተሸ ዋናውን ፍንጭ ያለ ዳይስ ያገኛል። ስቲቭ ጃክሰን በ1986 ያወጣው ገርፕስ ለየትኛውም ዓለም እሆናለሁ ይላል፣ ይሆናልም፤ ምን እንደምትጫወቱ የሚወስን ትጉ መሪ ከሌላችሁ ግን የሚተርፋችሁ ቆጠራ ነው።

መጽሐፎቹ በእንግሊዝኛ፣ ወጋችሁ በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ደንቡን ያነበበው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይሆናል፤ የምሽቱ ሸክምም በሱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። እንደ አፖካሊፕስ ወርልድ ያለ ደንብ ለተጫዋቹ የሚያስፈልገውን በጥቂት ወረቀት ስለሚይዝ በእጅ ጽፎ ወደ አማርኛ መገልበጥ ይቻላል፤ ዳይሱም ከሉዶ ሳጥን ይወጣል። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ባለ 4፣ 6፣ 8፣ 10፣ 12ና 20 ገጽ ዳይሶች ይጠይቃል። ሆኖም የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ደንብ ከ2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስር ነው፤ ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ሊተረጉመውና ሊያሳትመው ይችላል። ጊዜ ያለው ሰው ቢነሳበት ደስ ይለኛል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ምሽት ሞክሩት። አንድ ጠብ፣ አንድ ድርድር፣ አንድ የከሸፈ ዳይስ ይበቃል፤ መሪው ስንቴ መጽሐፍ እንደገለጠ ልብ በሉ። በየጊዜው መገናኘት ለማይችል ቡድን የጄሰን ሞርኒንግስታር ፊያስኮ መሪም ዝግጅትም ሳይፈልግ በአንድ ምሽት ያልቃል። የፈጠረውን ሰው ማጣት የማይችል ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ገጸ ባሕሪው ከደረጃ 1 እስከ 20 የሚያድግበት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይሻለዋል። የማርክ ሚለርን የ1977 ትራቨለር ግን ደብቁበት፤ እዚያ ገጸ ባሕሪው ገና እየተፈጠረ፣ ጨዋታው ሳይጀመር፣ ሊሞት ይችላል።