«መጣፍ»ና «ቀፎ»፤ በአንድ የመኪና እድሳት መጽሐፍ ረቂቅ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ አሮጌ ቮልስዋገን ወለል እድሳትና ለውድድር ሲዘጋጅ ስለሚገጠምለት የብረት መከላከያ የሚያስረዳ አንድ ረቂቅ ትርጉም ለአስተያየት ደርሶናል። ዐረፍተ ነገሩ የቀና ነው፤ ችግሩ ከስያሜዎቹ ላይ ነው።

የዚህ መኪና ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሚቀመጥ ወለሉ በዚያ በኩል ቶሎ ይዝጋል። ተርጓሚው የዛገውን ወለል «መጣፍ» ይለናል። ልብስ ሲጣፍ ግን ያረጀው ከሥር ይቀራል፤ ብረትም እንደዚያ ቢጣፍ ዝገቱ ከእራፊው ሥር መብላቱን አይተውም። ሥራው ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ድረስ ቆርጦ አውጥቶ አዲስ ላሜራ መበየድ ነው፤ ስለዚህ «ቆርጦ መተካት» ሊባል ይገባል። ስቱኮ ቀብቶ ለሚያልፍ ባትላሜራ እኛ ደግሞ የቃል ሽፋን ልንጨምርለት አይገባም!

ከዚህ የባሰው «ተንከባላይ ቀፎ» ነው። የሚገለበጠው መኪናው እንጂ መከላከያው አይንከባለልም። «ቀፎ»ም በጋራዥ ሰው ጆሮ ውስጡ የወላለቀ ባዶ አካል ነው። በበኩላችን «ፀረ ግልበጣ ክፈፍ» እንመርጣለን፤ ቋሚን ከቋሚ የሚያያይዘውን «ማገር» የሚመርጡ ባልደረቦችም አሉን፣ አንነቅፋቸውም።

የክፈፉ እግር የሚያርፍበት ማጠናከሪያ ደግሞ «ሳህን» ተብሏል። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ደንብ ይህ ጠፍጣፋ ብረት ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ውፍረትና 120 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት እንዲኖረው ያዛል፤ ጭነቱን አከፋፍሎ እግሩ ወለሉን እንዳይበሳው ነው። ስሕተቶቹ የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው፤ ረቂቁን አምኖ የሠራ ሰው ክፈፉን የሚተክለው በዝገት ላይ ነው። በዚሁ መልኩ ወደ ማተሚያ ቤት እንዳይላክ እናሳስባለን።